ሁለት በረራና አንድ ዱላ፦ ከቆቦ ጅማ

ከጅማ ከተመለስኩ ወዲህ ሱሪ ለማሳጠር ወደ ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ ገና ሜትሩን እግሩ ላይ ሳልዘረጋ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። «ዘሃራ፣ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?» መልሱ አጭር ነበር። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከአዲስ አበባ ጅማም እንደዚያው። ግን እንዲህ ብዬ ብመልስ የዋሸሁ ይመስለኛል። ስለዚህ መቀሴን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ሱሪውም ለነገ ያድራል። ደንበኞቼ ሳይሸሹኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ሉባባ ጅማ ተማረች፣ እዚያው ነርስ ሆነች፣ እዚያው የአገሩን ልጅ ወደደች። ኒካሑ፣ ማለት የጋብቻው ቃል ማሰሪያ፣ ለቅዳሜ ተቆረጠ። አባታችን ሰይድ ካረፈ ቆይቷል፤ ወንድምም የለንም። በእስልምናችን ደግሞ ሴት ልጅ ያለ ወሊይ፣ ማለት ያለ ዳሪ፣ አትዳርም። የሉባባ ወሊይ የአባታችን ታላቅ ወንድም አያ እንድሪስ ናቸው፤ ከዋጃ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ። ጊዜው ማሽላው ወተት የያዘበት፣ ወፍ የሚጠበቅበት ነበርና ሰዉ ሁሉ «በስልክ ሰው ይወክሉ» ብሎ መከራቸው። እሳቸውም ወደዚያው ያዘነበሉ ይመስሉ ነበር፤ ሉባባ እያለቀሰች እስክትደውልልኝ ድረስ። የሙሽራው አክስት በሰው መሃል «ይቺ ልጅ ለመሆኑ ሰው የላትም?» ብላለች።

ይህን ስነግራቸው አያ እንድሪስ ተነስተው ከግድግዳው ላይ የወይራ ዱላ አወረዱ። ዱላው የአባቴ ነው። ሊያርፍ ሲል ለወንድሙ ሰጥቶ «ልጆቼን ስትድር ይዘኸው ቁም» ብሏቸዋል። እኔ ስዳር ይዘውት ቆመዋል። የቀረችው ሉባባ ናት።

«ያች ሴትዮ ስሟ ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ስሟ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሰላም ልላት ነዋ!»

በመኪና ደርሶ መልሱ ሳምንት ይበላል፤ ማሽላ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ለወፍና ለጎረቤት አይተውም። ሉባባ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልን። አያ እንድሪስም ዋጃ ገበያ ላይ ላገኙት ሁሉ «ሄጄ እስክመለስ ወፏም አታውቅም» እያሉ አወሩ።

ሐሙስ

ጠዋት ቆቦ መናኸሪያ ተገናኘን። እኔ የሰፋሁላቸውን ኮት ከሽርጣቸው በላይ ለብሰው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዱላውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲመጡ መናኸሪያው ዞሮ አያቸው። በኮቱ ኮራሁ፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠቦ ነበር፤ እሱን ግን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ከቆቦ ኮምቦልቻ በጊዜ የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል ይባላል። እኛ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መንገዱ አልተበላሸም፣ መኪናውም አልተሰበረ። አያ እንድሪስ ሰው ማለፍ አይችሉም፤ ጥፋቱ ይሄ ብቻ ነው።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። የራያ ሽማግሌ ሰላምታ ከራስ ይጀምርና በልጆች፣ በከብቶች፣ በዝናብ፣ በማሽላ በኩል ዞሮ፣ የሞተ ካለ አስተዛዝኖ፣ እንደገና ራስ ላይ ይመለሳል። ሰውየው እንግዳ ከሆነማ ጭራሽ ይባስ፤ አገርህ የት ነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ እናትህስ የማን ልጅ ናት፣ ልጅህን ለማን ዳርህ ሳይባባሉ መለያየት ነውር ነው። እኔ በዚህ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን ኪሴ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት አለ።

ሮቢት ስንደርስ በመስኮት አንድ የሚያውቁትን ሰው አዩ። «ቁም! ቁም በለው!» ሾፌሩ አደጋ የደረሰ መስሎት ቆመ። አያ እንድሪስ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ከራስ ጀመሩ። ከብቶቹ ጋ ሲደርሱ ተሳፋሪው ማጉረምረም ያዘ፤ ዝናቡ ጋ ሲደርሱ ግማሹ ሳቀ። ሾፌሩ «አባቴ፣ የቀረውን በስልክ ይጨርሱት» ብሎ ነዳው።

ወልድያ ላይ ደግሞ ጭራሽ ወረዱ። «የአክስቴ ልጅ ፋጤ ከዚህ ቤቷ እያለ በበሯ ላልፍ? ምን ትለኛለች?»

«አያ፣ መኪናው ጥሎን ይሄዳል!»

«መኪና ሌላ አለ። ፋጤ ሌላ አለች?»

መኪናው ጥሎን ሄደ። እትዬ ፋጤ እጃችንን አስታጥባ ትኩስ የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረበችልን። የማሽላ እንጀራ ከበላሁ በኋላ እንኳ ንዴቴ ሳይወጣልኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። እሷና አያ እንድሪስ ከዋጃ እስከ ደሴ ያለውን ዘመድ አንድ በአንድ እያነሱ፣ ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ወደየት ሄደ ተባባሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ስንወጣ እትዬ ፋጤ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አብሽሪ፣ ትደርሳላችሁ» አለችኝ፤ ለመንገድ ደግሞ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ጨመረችልን።

መርሳ ላይ ብርቱካን ገዛን፤ ሐይቅን በመስኮት አየን፤ ደሴ ላይ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። በቆቦ ሙቀት ያደገ ሰው ደሴን ሲያልፍ ምነው ጋቢ በያዝኩ ይላል፤ አያ እንድሪስ ግን ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ኮምቦልቻ ያረፍንበት ፔንሲዮን ባለቤት ሽማግሌ መሆናቸውን ስታይ ሳንጠይቃት ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ የሚሆን ውሃ አሙቃ አመጣችላቸው። እሷንም በሰላምታ ገጥመዋት እኔ ቀድሜ ተኛሁ።

ዓርብ

የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ትንሽ ናት። ፈታሿ ዩኒፎርም የለበሰች፣ ፊቷ ፈገግ ያለ ወጣት ናት። ዱላውን ስታይ ግን ፈገግታዋ ቀነሰ።

«አባባ፣ ይሄ አብሮዎት አይገባም።»

«እኔም አብሬው ነው የምሄድ» አሉ አያ እንድሪስ።

ልጅቱ ቅን ናት፤ መላ ፈለገችላቸው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመራመድ ያስፈልግዎታል? ምርኩዝ ከሆነ እኮ ይፈቀዳል» አለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አንገቴ እስኪታመም ራሴን ነቀነቅኩላቸው። አዎ በሉ! አዎ በሉ!

አያ እንድሪስ ደረታቸውን ነፉ። «ምርኩዝ? እኔ? ከዋጃ ቆቦ በእግሬ ተመላልሼ ውሎ የምገባ ሰው!»

በቃ። ልጅቱ እየሳቀች ዱላው አንገት ላይ ወረቀት አስራ ከሻንጣዎች ጋር ላከችው። አያ እንድሪስ ባዶ እጃቸውን ሲያዩ ግራ ገባቸው፤ አንዴ ኪስ ይከታሉ፣ አንዴ ወደ ኋላ ያጣምራሉ። ወዲያው ግን መጠባበቂያው ወንበር ላይ ልክ እንደሳቸው እጃቸው ማረፊያ ያጣ ሌላ ሽማግሌ አገኙ። የሳቸውም የወይራ ዱላ ተወስዷል። ሼህ ይመር ይባላሉ፤ ሐይቅ አካባቢ ነው አገራቸው፤ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ለዓይን ሕክምና መሄዳቸው ነው። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅኩ? ተሳፈሩ እስክንባል ድረስ ሰላም ሲባባሉ ሰምቼ። «ተሳፈሩ» ተብሎም አላበቃም፤ የሼህ ይመር ልጅ መርሳ ለብርቱካን ነጋዴ መዳሯን እየሰማን ነው ኮታቸውን ይዤ የጎተትኳቸው።

አውሮፕላኑ ሲነሳ አያ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢስሚላህ አሉ። ሲገልጡ ምድሩ ከታች ነው። መስከረም ገና አልወጣምና ከበላያችን ሰማያዊ፣ ከበታቻችን ብጫ ነበር። ማሳዎቹ እኔ ሱቅ ውስጥ የማጠራቅመው የጨርቅ ቅዳጅ ይመስላሉ። የእኛ የቆቦ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ከአንድ ዓይነት ጣቃ የተቆረጠ፤ እዚህ ግን ገደሉ ሁሉ ተጣጥፎ መተኮሻ የሚሻ ነው።

«አሁን የት ነን?» አሉ።

«ደብረ ብርሃን አካባቢ ሳንሆን አንቀርም።»

«እዚያ የማውቀው ሰው ነበረ» አሉና ወደ ታች ሲያዩ እጃቸውን ሊያውለበልቡ ቃጣቸው።

ከዚያ ከጎናቸው ወደተቀመጠው ሰውዬ ዞረው ከራስ ጀመሩ። ገና ወደ ከብቶቹ ሳይደርሱ ቀበቶ እሰሩ፣ ልናርፍ ነው ተባለ። አያ እንድሪስ ተቆጡ። «ይሄ ምን ዓይነት መንገድ ነው? ሰላምታ እንኳ አይበቃውም!» እኔ ደግሞ የታሰበኝ ሌላ ነበር። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው ሰማይ ከቆቦ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥ፤ ያንን ቀኑን ሙሉ ሄድነው፣ ይሄንን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ጨረስነው።

አዲስ አበባ ሻንጣና ዱላችንን ይዘን አየር ማረፊያው አቅራቢያ ፔንሲዮን ያዝን፤ የጅማው በረራ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አያ እንድሪስ ለጁምዓ ሰላት ሄዱ። እኔ የምሳ ነገር ሳጣራ ቆየሁ፤ እዚያ ሰፈር እንጀራው ነጭ ነው፣ ስስ ነው፣ ወጡን አይሸከምም። በዚህ ላይ እያለሁ አያ እንድሪስ ዱላውን እንደ እባብ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ገቡ።

«ዘሃራ፣ ይሄ የሰው ነው።»

«ምኑ?»

«ዱላው። የሰይድ ዱላ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። መስጊድ በር ላይ ላስደግፈው ስል እጄ አላገኘውም።»

ወዲያው ገባኝ። ሁለት የወሎ ሽማግሌ፣ ሁለት የወይራ ዱላ፣ አንድ ቀን። ሁለቱም ከመኪና እንደሚወርድ ሰው ቸኩለው፣ ወረቀቱን ሳያዩ የቀረባቸውን አንስተው ሄደዋል። አያ እንድሪስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው ሽማግሌ መሆናቸውን ያየሁት። ሊነሱ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ።

«አያ፣ ኒካሑ ያለ ዱላው ይታሰር የለም ወይ?» አልኩ እንደ ማጽናናት።

«ይታሰራል። እኔ ግን ምን ይዤ በአባቷ ቦታ ልቁም? አደራ ነው እኮ። ያች ሴትዮ ሰው የላትም አለች፤ ይኸው እኔም ባዶ እጄን ልሄድላት ነው።»

አለቀስኩ። በአምስት ሚሊዮን ሰው መሃል አንድ ሽማግሌ ከየት ይገኛል? ስልካቸውን አልያዝን፣ ሰፈራቸውን አናውቅ። ወደ አየር ማረፊያው ልመለስ ብዬ ነጠላዬን ሳነሳ አያ እንድሪስ ድንገት ቀና አሉ።

«ሼህ ይመር ልጄን መርሳ ለብርቱካን ነጋዴ ነው የዳርሁ አላለኝም?»

«ብለዋል።»

«በይ ለፋጤ ደውይ።»

እትዬ ፋጤ ገና ስማቸውን ስጠራ «የሐይቁ ሼህ ይመር? አማቻቸው መርሳ? ብርቱካን የምገዛው እኮ ከሱ ነው፤ ትናንት ስንጫወት ስሙን አንስተነው የለ!» አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰዓት ሳይ ነበር ያነሱት። እሷ ለአማቹ፣ አማቹ ለሚስቱ፣ ሚስቱ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ደወለች። የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሳይሰገድ ስልኬ ጠራ፤ የምሽቱ መግሪብ ሳይደርስ ሼህ ይመር በልጃቸው መኪና ፔንሲዮናችን በር ላይ ቆሙ፤ የአባቴን ዱላ በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ወላሂ የሰው ዱላ ይዤ ልጄ ቤት መግባት አፍሬ እመኪናው ውስጥ ተውሁት» አሉ።

አያ እንድሪስ አውራ ጣታቸውን ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ አሳረፉና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ዘልዬ ግንባራቸውን ሳምኩ። ያ ሰላምታቸው ነው ያስገኘው፤ መንገድ ለመንገድ የረገምኩት ሰላምታ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዱላ ተቀያየሩና ልክ ከዚያ በፊት ተያይተው እንደማያውቁ ከራስ ጀመሩ። ያን ጊዜ ወንበር ያቀረብኩላቸው እኔው ነኝ። የሼህ ይመር ልጅም «ጥብስ ሳትበሉማ አትተኙም» ብሎ ሁላችንንም ቤቱ ወሰደን። በአዲስ አበባ ሆድ የሚሞላ ምግብ የበላሁት እዚያ ነው፤ ሚስቱ የሐይቅ ልጅ ናት፣ እንጀራውም ወፈር ያለ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፍተሻው ላይ ያው ጥያቄ መጣ። «አባት፣ ዱላው ለመራመድ ያስፈልግዎታል?»

አያ እንድሪስ እኔን አዩኝ። ከዚያ ግራ እግራቸውን ጎተት፣ ወገባቸውን ጎበጥ አደረጉ። «አዎ ልጄ።» ፈታሹ በማሽኑ አሳልፎ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ክንዳቸውን ደግፎ አሳለፋቸው። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

«አያ፣ ዋሹ እንዴ?»

«አልዋሸሁም። ትናንት ያለሱ መቆም አቅቶኝ አላየሽም?»

እውነታቸውን ነው።

ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው በረራ እንደ ትናንቱ ነው፤ ከመነሳታችን ልናርፍ ነው ተባለ። ስንወርድ ግን አገሩ ሌላ ሆነ። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ አረንጓዴ! እኛ ቆቦ ላይ ደመና ሲያልፍ አንገታችን እስኪዞር የምንከተል ሰዎች ነን፤ እዚያ ግን ዝናቡ ሳይለመን ይወርዳል። አያ እንድሪስ ደረጃው ላይ ቆመው እርጥቡን አየር ስበው «ማሻአላህ፣ እዚህ ማሽላ ቢዘራ» አሉና ሳያነክሱ ወረዱ።

የሙሽራው ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ሉባባ በጓዳው በር ስታያቸው ሮጣ መጥታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በዱላው ከልክለው አቀፏት። ከዚያ ዞር ብለው «አክስትየዋ የታሉ?» አሉ። ጥል ፈርቼ ኮታቸውን ያዝ አደረግኩ።

ሴትየዋ ወፍራም፣ የተከበሩ፣ ሻሻቸውን ከፍ አድርገው ያሰሩ ናቸው። እጃቸውን ዘረጉ። አያ እንድሪስ እጃቸውን ያዙና አልለቀቁም። ከአያታቸው በቀረቻቸው ጥቂት ኦሮምኛ «አካም ጅርቱ?» ብለው ጀመሩ። ሴትየዋ ደነገጡ፤ በራሳቸው ቋንቋ መለሱ። የአያ እንድሪስ ኦሮምኛ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሰላምታቸው ግን አላለቀም። በአማርኛ ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን፣ ላሞቹን፣ ቡናውን፣ ዝናቡን ጠየቁ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ እናታቸውም የማን ልጅ እንደነበሩ ጠየቁ። ሴትየዋ መጀመሪያ ቆመው፣ ቀጥሎ ተቀምጠው፣ በመጨረሻ እንባቸውን እየጠረጉ መለሱ፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ስለ እናታቸው እንዲህ አድርጎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ተነስተው አያ እንድሪስን ራሳቸው ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው፤ ወተትም በገዛ እጃቸው አመጡላቸው።

ኒካሑን የሚያስረው ሼህ «ወሊይዋ ማን ነው?» ሲል አያ እንድሪስ ተነሱ። የዱላውን ጫፍ መሬቱ ላይ ተከሉና ድምጻቸውን ከፍ አደረጉ።

«አባቷ ሰይድ ነው፤ ዱላው ይኸው። እኔ ወንድሙ ነኝ። ከኋላዋ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉንም በአውሮፕላን መጫን ስላልተቻለ እኔ መጣሁ!»

መጀመሪያ እልል ያሉት አክስትየዋ ናቸው። እኔም ተከተልኩ፤ ድምጼ ተዘግቶ ለሦስት ቀን እስኪጠፋ ድረስ እልል አልኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሉባባ ስታለቅስና ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ቀና አድርጌ አላውቅም።

ሰኞ

እሑድን በግብዣ አሳለፍን፤ የጅማ ሰው እንግዳ ሲያበላ ይለምናል፣ ይማለዳል፣ እንደ ወሎ ሰው ነው። ሰኞ ስንነሳ አያ እንድሪስ የሙሽሮቹ ቤት ገብተው ቆይተው ወጡ። የማሽላው ወፍ ነው ያሳሰባቸው ብዬ እኔም አላስተዋልኩም። በሁለቱም በረራ ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ኮምቦልቻ ስናርፍ ደግሞ ሻንጣውን ለእኔ ትተው ወደ መውጫው አመሩ።

መውጫው ላይ ያቺ ፈገግታ ያላት ፈታሽ ቆማ ነበር። አወቀቻቸው።

«አባባ! ዱላዎን እንዳይረሱት!»

አያ እንድሪስ ቆሙ። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት።

«አልረሳሁትም ልጄ። ጅማ፣ ልጄ ቤት፣ ከበሩ በላይ ሰቅዬው መጣሁ» አሉ። ከዚያም እጇን ያዙና «አንችስ እንደምን አለሽ? አባትሽ ደህና ናቸው?» ብለው ከራስ ጀመሩ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰዓቴንም አላየሁም።